የውሃ አባቱ ኩላሊት

አቶ ደጉ የዚያን ቀን ከጥሊሊ ወደ እንጅባራ የተሳፈሩት መድኃኒት ሊመልሱ ነበር። በቀበሌያቸው የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉ የውሃ አባት ናቸው፤ ዳኝነት ለምደዋልና ሐኪሙ ላይም ከወዲሁ ፈርደውበታል። ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ሲቆም፣ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሚልካ የክኒኑን ፓኬት አየች። ሚልካ በቅርቡ የተመረቀች ጤና መኮንን ናት።

“አባቴ፣ ደም ግፊት አለብዎት እንዴ?” ስትል በትሕትና ጠየቀች።

“ግፊቱስ አለ፤ መድኃኒቱ ግን የኔ አይደለም። የሚያመኝ ራሴን፤ ሐኪሙ ‘ሽንትና ደም ይስጡ፣ ኩላሊትዎ ይታይ’ አለኝ። ምርመራውን ትቼ፣ ያዘዘልኝን ክኒን ብቻ ገዝቼ ወጣሁ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ደግሞ ‘ይህ ከኩላሊት የሚነሣውን ትእዛዝ የሚያቋርጥ ነው’ አትለኝም? የኔ ኩላሊት ምን በደለ?”

“እየዋጡት ነው?”

“ምን በወጣኝ! ደግሞ ሕመሙም ትቶኛል፣ ዛሬ ደህና ነኝ።”

“ግፊት ሳያምም ነው የሚጥለው፣ አባቴ።”

አቶ ደጉ ፓኬቱን በእጃቸው አገላበጡት። “እሱስ እውነት ነው። ወንድሜ ነጋ የወደቀ ዕለት ጠዋት ሲስቅ ነበር። ይኸው ግማሽ አካሉ አይታዘዘውም፣ አፉም ተይዟል። እኔ ነኝ የማጎርሰው።”

እንግዲህ የሰው ነገር እንዲህ ነው። የወንድማቸውን ዕጣ ከሞት አብልጠው እየፈሩ፣ ከዚያ የሚያድናቸውን ክኒን ሊመልሱ ተሳፍረዋል።

ሚልካም ቀስ ብላ አስረዳች። “የኩላሊት ሥራ ሽንት ማጣራት ብቻ አይደለም። ደም በሚገባባቸው ቀጫጭን ሥሮች አፍ ላይ ጠባቂ ሕዋሳት አሉ። ግፊቱ ሲወርድባቸው ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። እሱ ሌላ ሆርሞን ያስነሣል። ያ ሆርሞን የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ጨውና ውሃም በሽንት እንዳይወጣ ያስቀራል። በዚህ ግፊቱ ይነሣል። ሲበቃ ጠባቂዎቹ መልቀቃቸውን ይቀንሳሉ።”

“ይሁን። የኔ ግፊት እኮ በዝቷል! በዝቶ እያዩ ለምን ይለቃሉ? ወይ ጠባቂዎቹ ዕውር ናቸው፣ ወይ አንቺ ተሳስተሻል።”

ተሳፋሪው ሳቀ። ሚልካ ግን አልተቀየመችም፤ ጥያቄው የአዋቂ ጥያቄ ነበር።

“የሁሉም ሰው ምክንያት አንድ አይደለም፤ የብዙው በውል አይታወቅም። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ወደ ኩላሊት የሚወስደው የደም ሥር ይጠባል። ሌላው አካል በግፊት ተወጥሮ ሳለ ለኩላሊት የሚደርሰው ጥቂት ነው። እሱም ‘ደም አነሰ’ ብሎ ትእዛዙን ይልካል።”

አቶ ደጉ በድንገት “ማናለብሽ!” አሉ።

“ምን አሉኝ?”

“የማናለብሽ ማሳ ከቦዩ ጫፍ ነው። አምና ‘ውሃ አጣሁ’ ብላ ጮኸች። ጎረቤቶቿ አዝነው ከላይ የቦዩን አፍ አሰፉላት። ውሃው ቦዩን ጥሶ የሌላውን ገበሬ የይኸነውን ድንች ጠራርጎ ወሰደው። ሄጄ ባይ፣ የሷን መግቢያ ደለል ደፍኖታል። ይኸነው ‘ዋሽታለች፣ ትካሰኝ’ አለ። እኔ ግን አልዋሸችም፣ ማሳዋ ደርቆ ነበር ብዬ ፈረድኩ።”

“ኩላሊትም የደረሰውን አይቶ ነው የሚናገረው። ክኒኑ ሬኒን የሚያስነሣውን ሆርሞን ይቀንሳል። ሽንቱና ደሙም የተጠየቀው ኩላሊትዎ እንዴት እንዳለ፣ መድኃኒቱም ይስማማዎት እንደሆነ ለማወቅ ነው።”

“እንግዲያ ሳላይ ፈርጃለሁ” አሉ አቶ ደጉ። እንጅባራ ሲወርዱም ሐኪሙ ዘንድ ሄደው ደሙንም ሽንቱንም ሰጡ። ውጤቱ ታይቶም ክኒኑ እንደሚስማማቸው ተነገራቸው።

ክኒኑን በየቀኑ መዋጥ፣ ጨው መቀነስ፣ በቀጠሮ መለካት፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የአቶ ደጉ ግፊት ወረደ። ከሞት ይልቅ የፈሩት የሰው እጅ መጠበቅም ራቀላቸው። ይህን ለብቻቸው መያዝ ነውር መስሎ ስለታያቸው ቦይ ጠራጊውን ሁሉ ደጃቸው ሰብስበው ሚልካን ጠሩ። ማናለብሽ ተለካች፤ ይኸነውም እያጉረመረመ ተለካ።

ሚልካ መለኪያዋን ይዛ ግድግዳው ሥር ወደተቀመጠው ነጋ ስትዞር፣ አቶ ደጉ “የሱ ይቅር፣ ልጄ፤ እሱ አንዴ ወድቋል” አሏት።

ነጋ መናገር አልቻለም። ደህናውን እጁን ግን ቀስ ብሎ አነሣና ዘረጋላት።

አቶ ደጉ አፈሩ። በየቀኑ ሲያጎርሱት ኖረው፣ ወንድማቸው ገና መኖር እንደሚፈልግ ረስተው ነበር። ጎንበስ ብለው እጅጌውን ሰበሰቡለት።