በሾርባ የተሸሸገ መድኃኒት

ሰው ከሰው ጋር ቀጠሮ ይይዛል። ከእውነት ጋር ግን ብዙ ጊዜ የሚገናኘው ሳያስበው፣ ዝናብ ሲያባርረው ነው። ልብስ ሰፊዋ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የወጣችው ከእውነት ለመሸሽ እንጂ ለመገናኘት አልነበረም። በሰፈሯ መድኃኒት ቤት ሞልቶ ሳለ በአውቶቡስ ከተማውን አቋርጣ እዚህ የመጣችው የሚያውቃት እንዳያያት ብላ ነው። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከመድኃኒት ቤቱ ልትወጣ ስትል ዶፉ ወረደ፤ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ጣራው ጥግ ተጠለለች።

«እትዬ! እንደምን ሰነበቱ?» አላት አጠገቧ ጃንጥላውን የሚያራግፍ ወጣት። ከጃኬቱ ሥር ነጭ ጋውን ይታያል። «የሰዓሊው እኅት አይደሉም? እንዴት ነው እሱ?»

ልብስ ሰፊዋ የመንገደኞቹን ፊት ቃኘች።

«ተሳስተሃል ልጄ፤ እኔ ወንድም የለኝም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አለና እጅ ነሥቶ ፈንጠር ብሎ ቆመ።

ወጣቱ ነርስ ነው። ወንድሟ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ገላውን ያጠበው፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያጫወተው እሱ ነበር። ውለታውንም ወንድሟንም በአንድ ቃል ካደች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ መሬት ግን እንዲህ ዓይነቱን ልመና ሰምታ አታውቅም። ዝናቡ አባርቶ ሰዎቹ ሲበታተኑ፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ነርሱ ተጠጋች።

«አልተሳሳትክም ልጄ። እኔው ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ እኮ» አለ ነርሱ ፈገግ ብሎ። «ሰው ፊት መጥራቴ የእኔ ጥፋት ነው።»

ተቆጥቷት ቢሆን ይሻላት ነበር። ጥፋቱን በራሱ ላይ ማድረጉን ስታይ አፏ ተፈታ።

«እስቲ ልጠይቅህ፤ ጣዕም የሌለው መድኃኒት የለም? ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ድራሹ የሚጠፋ? እዚህ ብጠይቅ የለም አሉኝ።»

«ለምን ፈለጉት?»

«ፍርፋሪውን አገኘብኝ። ክኒኑን አልወስድም ስላለ በሁለት ማንኪያ መሐል ደቁሼ ሾርባው ውስጥ እጨምርለት ነበር። አንድ ቀን ያልደቀቀች ቁራጭ ጥርሱ ሥር ገባች። ከዚያ ወዲህ እጄ የነካውን አይቀምስም። ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላልና ራሱ የላጠው ሙዝ ብቻ ነው የሚበላው። ውኃ እንኳ ከቧንቧ በእጁ ካልቀዳ አይጠጣም። ከስቶ ከስቶ ሱሪውን ባጠብበው ባጠብበው አልያዘው አለ። እያየሁት ሊሞትብኝ ነው!»

ነርሱ ጃንጥላውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ እኛ ዘንድ ሲመጣ ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?»

«‹ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር እየጨመሩ ነው› እያለ ነዋ።»

«ያን ጊዜ የሚጨምር ሰው ነበር?»

«ኧረ ማንም! በሽታው ነው እንጂ ያስባለው።»

«ዛሬስ?»

ልብስ ሰፊዋ ሻርፗን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እሷ በሽታውን መደበቋ አልበቃ ብሏት መድኃኒቱንም ደበቀችው። አበውም ለዚህ የሚሆን ተረት አላዘጋጁላትም።

ጥፋተኛ ሰው ሲከፋው ይቆጣልና ተቆጣች።

«ለአንተ ቀላል ነው! ተራህ ሲያልቅ ቤትህ ትገባለህ። እኔ ነኝ አብሬው የማድረው። አምና መድኃኒቱን ጥሎ አደባባይ መሐል ልብሱን አውልቆ ሲቆም፣ ያ ሁሉ ጎረቤት በየመስኮቱ ተሰቅሎ ሲያይ አንተ አልነበርክም። ከዚያ ወዲያ ለሰው ‹ሌላ ከተማ ሥራ ይዟል› ብዬ ጓዳ አስቀመጥኩት። ደንበኛ ሲመጣ ሳሉ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍ አደርጋለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? እብድ ‹መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ› ተብሎ ይማከራል?»

«ፍርሃትዎ እውነት ነው፤ አልስቅበትም» አለ ነርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኛንም እምቢ የሚሉን ቀን አለ። እንዲህ ሲሆን የነርስ ሥራው አስገድዶ አፍ መክፈት አይደለም። ወንበር ስበን አጠገባቸው እንቀመጥና ‹ምኑ ነው ያስጠላህ?› እንላለን። ለራሱ ወይም ለሰው የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ሐኪም እንጠራለን እንጂ አናታልልም። እርስዎ ለምን እንደጠላው ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«እኔ እንጃ... አልጠየቅኩትም።»

«እኔ ጠይቄው ነበር። ‹እጄን ያንቀጠቅጠኛል› ነው ያለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ወንድሟ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው። የቀለም ብሩሽ ከያዘ ፊደሉን ያለ ማስመሪያ ያሰልፈው ነበር።

«መድኃኒቱን ካቆመ በኋላም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ!» አለች። «ፍርፋሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ቀን ብሩሹን ወርውሮ ‹ክኒኑን ትቼም እጄ አልተመለሰ፤ እጄ ሞቷል በቃ› ብሎ ሲያለቅስ...»

አላቆመም ነበራ። በሾርባው ስታበላው ከርማለች።

«አዩ» አለ ነርሱ። «ለመንቀጥቀጡ መላ አለ። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፤ ሲያስፈልግም ይለውጠዋል። በየወሩ በመርፌ የሚሰጥም አለ። ግን መውሰዱን ስለማያውቀው መድኃኒት ማን ሄዶ አቤት ይበል? ደግሞ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳይመስልዎት። እኛም መድኃኒቱን በፌስታል አስይዘን ‹በሰዓቱ ይውሰድ› ብለን አሰናበትናችሁ። እቤት እንዴት አድርገው እንደሚሰጡት ከእኛ አንድም ሰው አልጠየቀዎትም። ሕመምተኛ ከበራችን ሲወጣ ሥራችን ያለቀ ይመስለናል።»

«እንግዲያው ልንገረው ነው የምትለው?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እሱ ከሚደርስብዎት እርስዎ ቢነግሩት ይሻላል።»

«ሁሉን አላወቅህ» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ፍርፋሪውን ያገኘ ለት ጠየቀኝ። ‹እታለም፣ ምን ጨመርሽበት?› አለኝ። ምንም፣ ከጨመርኩ የእናታችን አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ ብዬ ማልኩለት። እሱ እኮ በእናታችን የማለን ሰው አይጠራጠርም። ‹ካልሽ እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው› ብሎ ግንባሩን በቡጢ ሲደልቅ ቆሜ አየሁት።»

የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ነርሱም ሊያሽላት አልሞከረም።

«አብሬዎት ልምጣ?» አለ ብቻ።

«ና። ግን ጋውኑን...» ጎረቤቶቿ በሐሳቧ መጡባት። ደግሞ እፍረቷን ራሷው አፈረችበትና «እንደለበስከው ና» አለችው።

ቤቷ ሲደርሱ በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ጓዳው ጠባብና ንጹሕ ነው፤ መስኮቷ በተራረፈ ጨርቅ ተጋርዳለች። ሰዓሊው አልጋው ላይ ተቀምጦ የእንቁላል ቅርፊት ይለቅማል። ነርሱን ሲያይ «ልትወስዱኝ ነው?» አለ።

«የለም ጋሼ። እንግዳ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

ልብስ ሰፊዋ መቀመጥ አልቻለችም። መንገዱን ሁሉ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ጠፋባት።

«ወንድምዓለም፣ ሾርባው ውስጥ ስጨምር የነበርኩት እኔ ነኝ። መድኃኒትህን ነው። በሐሰት ነው የማልኩልህ።»

ሰዓሊው ቅርፊቱን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ። ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ አልጮኸም።

«እንግዲያው በዚህስ አላበድኩም» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ነርሱ ዞረ። «ሰማህ? አለ ያልኩት ነበረ። እኔ እኮ ምላሴን እንኳ ማመን ትቼ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ። እኅቱ እጇን ወደ ትከሻው ዘርግታ፣ ምን ፊት አለኝ ብላ ሰበሰበችው። ነርሱ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ልቅሶው ሲበርድ ስለ እጁ ነገረው፤ እጁ እንዳልሞተ፣ የሚያንቀጠቅጠው መድኃኒቱ እንደሆነ፣ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ሄደው ሊያስለውጡት እንደሚችሉ። ሰዓሊው ፊቱን ሳይመልስ አዳመጠ። በመጨረሻም «የምወስደውን አይቼ ከሆነ እወስዳለሁ» አለ። «እሷ ግን አትስጠኝ።»

ያቺ የመጨረሻ ቃል ልብስ ሰፊዋን አንጀቷ ድረስ ዘለቀቻት። ቢሆንም ፍርዱ ትክክል ነበርና አልተከራከረችም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ተአምር ሆነ ብዬ ብነግርህ እኔም በሐሰት መማሌ ነው። ሰዓሊው ዛሬም ክፉ ቀን አለው። ነገር ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠለትና የእጁ መንቀጥቀጥ ረገበ። ክኒኑን ከማሸጊያው ራሱ አውጥቶ፣ ስሙን አንብቦ ይውጣል። ነርሱ በቀጠሮ እየመጣ ክብደቱን ይለካል፣ ስለ እንቅልፉ ይጠይቃል፤ እንቅልፍ መሸሽ ሲጀምር ቀድሞ ለማን እንደሚነገር ሦስቱም ተመካክረው ወስነዋል። የመከሩበትን ነገር ማንም በማታለል አያፈርሰውም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዋም ለቅርብ ጎረቤቷ «ወንድሜ ሥራ አልሄደም፤ ታሞ እቤት ነው» ብላ ብትናገር፣ ጎረቤቷ «እናውቃለን እኮ እትዬ። እንዳናሳፍርዎት ብለን ነው ዝም ያልነው» አለቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የደበቀችው ከራሷ በቀር ከማንም አልነበረም።

ከሷ እጅ ለመብላት ግን ወንድሟ ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንድ እሑድ ማለዳ ከወጥ ቤቱ የሽንኩርት ሽታ ሰምታ ብትገባ እሱ ሾርባ ሠርቷል። በአንድ ሳህን ብቻ ቀድቶ ፊቷ አስቀመጠላትና፣ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ያያት ጀመር።

«ምን እንደጨመርኩበት አትጠይቂኝም?»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። ማንኪያውን አነሣች።

«አልጠይቅህም» አለችና ጎረሰች።

ሰዓሊው እስክትውጥ ጠበቀ። ከዚያም ማንኪያውን ከእጇ ተቀብሎ፣ ከዚያው ሳህን እሱም ቀመሰ።