ታች ብቻ የተለካው ቁም ሳጥን

ካዛንቺስ ያለው መኝታ ቤታችን ጥግ ላይ፣ በሁለት ግድግዳ መካከል ልክክ ብሎ የሚገባ ቁም ሳጥን ፈልገን፣ ደምበል አካባቢ ካለ ሱቅ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠውን፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን ዓይነት ገዛን። እኔ፣ «ጎረቤታችንን ጋሼ ታደሰን እናማክራቸው፤ አናጺ ናቸው» ብል፣ ባለቤቴ፣ «ወረቀቱ ላይ ሁሉም ተስሏል፤ አናጺ ምን ያደርጋል?» አለኝ። ቅዳሜን ሙሉ ብሎን ሲያጠብቅ ዋለ። በመጨረሻ አቁሞ ወደ ቦታው ሲገፋው፣ ግማሹ ገባና አናቱ ተቀረቀረ። ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እምቢ!

«ለክቼዋለሁ እኮ!» አለ ላቡን እየጠረገ።

«የቱ ጋ ነው የለካኸው?»

«ታች፣ ወለሉ ላይ።»

«ላዩንስ?»

ቀና ብሎ የተቀረቀረውን አናት አየ። በቃ፣ እሪ ማለት አማረኝ! ልብሳችን በሙሉ አልጋው ላይ ተከምሯል፤ ሱቁ ደግሞ አንዴ ከካርቶን የወጣ ዕቃ መልሶ አይወስድም።

ሄጄ ጋሼ ታደሰን ጠራኋቸው። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ አሳለፉና፣ «ልጄ፣ ሳጥኑ ምንም አልሆነም። ቤቱ የኔ እኩያ ነው፤ ከወገቡ በላይ ጎብጧል» አሉኝ። ከዚያ በመዶሻና በመሮ የግድግዳውን ጭቃ ከላይ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ቁም ሳጥኑ ሰተት ብሎ ገባ።

ይሄኔ ባለቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እኔም እኮ ግድግዳው ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር።»

ጋሼ ታደሰ ፊቴን አዩና መዶሻቸውን ቶሎ ብለው ከአጠገቤ አነሱት።