ቀዳዳው የጠፋ ባንዲራ

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ጎረቤቴ ሚስተር ሃሪ ያረጁ የአሜሪካ ባንዲራዎች ይሰበስባል። ማስነጠስ ሲመጣበት እንኳ እንዳይደነግጡበት ደጅ ይወጣል። ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንት ውሃ ሲገባበት ከሁሉ የሚወደውን ባንዲራ እኛ ዘንድ አስቀመጠ፤ መሀሉ ላይ ዝሆን የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ባለቤቴ ጥሩነሽ የሰው አደራ እንደመጣ መመለስ ነውር ነው ብላ ቀዳዳውን በመርፌ ድርግም አድርጋ ደፈነችው።

ሰውዬው ሊወስድ መጥቶ ሲዘረጋው፣ «ቀዳዳው የት ሄደ? መድፍ የበሳው እኮ ነው፤ የገዛሁት ለቀዳዳው ነው» ብሎ አለቀሰ። እንባው ሌላ ቤዝመንት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«ምን አለ?» አለችኝ ጥሩነሽ፤ እንግሊዝኛ የሚደርሳት በእኔ በኩል ነው።

«እጅሽ ይባረክ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?»

«ደስታ ነዋ።»

«አይ የኔ ጌታ፤ እንግዲያው የቀሩትንም ያምጣቸው በለው።»

ይቺን እንኳ አልተረጎምኳትም።