ጎርፍን በቡና ገለባ

በእኛ ጊዜ ዝናብ እንደ ዘመድ ነበር፣ እመጣለሁ ሳይል ደጅ ላይ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ቢበዛ ጉልበት ይቆረጥማል፣ ዶሮዋ በጊዜ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ አባቴ ሰማዩን አየት አድርጎ "ዛሬስ የተሰጣውን አስገቡ" ይላል፣ አለቀ። አሁን ግን ታውቁታላችሁ፣ ዝናብ በስልክ ይመጣል፣ በሬዲዮ ይመጣል፣ ባጃጅ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ ሰፈራችንን መንደራ ቆጪን ይዞራል፤ "ከባድ ዝናብና ነፋስ ይጠበቃል፣ ቅድመ ዝግጅት ይደረግ!" ይባላል፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ። እና እኔም በስተርጅናዬ፣ አልሃምዱሊላህ፣ የቅድመ ዝግጅት ሰው ሆኜ አረፍኩት። ጠጋ በይ ሀያት፣ ይህን ሳትሰሚማ አትሄጂም።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። እኔ ስብሰባ የምሄደው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ ለማየት ነው። ታዲያ ተማም የሚባለው የቀበሌው ሠራተኛ፣ ያ ረጅሙ፣ ተነሳና ጉሮሮውን እህህ አድርጎ "የተከበራችሁ ነዋሪዎች! የዘንድሮው ክረምት ከመደበኛው በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ቦይ ይጠረግ፣ የላላ ቆርቆሮ ይመታ፣ ወንዙ ዳር ችግኝ ይተከል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ደግሞ ደጃፉ ላይ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይደርድር" አለ። ቀጠለና "ለመንደሩ አንድ አስተባባሪ ምረጡ፣ የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ የሚያውቅ ይሁን" ሲል፣ ወላሂ አፉን ሳይዘጋ አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አያችሁ?" አልኩ።

አስካለ፣ ያቺ ከአጥሬ ማዶ ያለችው፣ አባቷ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩት፣ እሷ ናት ብድግ ያለችው። "የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ የሚያውቅ ተባለ እኮ ዘይነባ! አንቺ የማታውቂው የማንን ቤት ነው? የእኔ ወጥ ጨው የበዛበት እንደሆነ ከእኔ ቀድመሽ አንቺ አይደለሽ የምትሰሚው?"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ስድብ ይሁን ሹመት ሳልለይ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ካላችሁማ እሺ፣ ለሕዝብ ነው" አልኩ። ለሕዝብ! እንዲህ አልኩ እኮ ደግሞ።

ታዲያ ያ አስተባባሪዎች የሚለብሱት የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ተሰጠኝ። ከፊት አልገጥም አለኝ፣ ቢሆንም ለበስኩት፣ ሱቅም ለብሼው ሄድኩ፣ ለቅሶም ለብሼው ሄድኩ። እና በየቤቱ መግባት ጀመርኩ። ድሮ በአጥር ቀዳዳ የማየውን አሁን በግንባር ገብቼ አየሁት፣ "ቦያችሁን ልይ" እያልኩ ጓዳ እገባለሁ። ቦይ ጓዳ ውስጥ ምን ይሠራል? አትሉኝም? እነሱም አላሉኝም። ሐሜቴ መንግሥታዊ ሆነ በቃ።

ለነገሩ ሥራም ሠርተናል፣ አልዋሽም። ቦዩ ተጠረገ፣ ፌስታሉና የውሃ ፕላስቲኩ ተለቀመ፣ ወንዙ ዳር ግራቪሊያ ተተከለ። የቸገረን አሸዋው ነው። ቀበሌው ዘግይቶ በነሐሴ አሸዋ አመጣ፣ አላመጣም አልልም፣ ግን ሲኖትራኩ በእኛ ቅያስ አይገባም፣ ስለዚህ አስፋልቱ ዳር ገልብጦልን ሄደ። ከአስፋልቱ እስከ ታች ድልድዩ ድረስ ያለውን ቁልቁለት ታውቂው የለ? በባዶ እጅ ስትወርጂው ጉልበት ያንቀጠቅጣል። አስካለ ግማሽ ማዳበሪያ ይዛ ጀመረችና መንገድ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ከዚህ አልነሳም፣ ጎርፉ እዚሁ ይምጣና ይውሰደኝ" አለች። ሌሎቹ ሴቶችም ወገባቸውን ይዘው እኔን አዩኝ፣ አስተባባሪ ነኛ!

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሐሳቡ የመጣልኝ፣ ባይመጣ ምን ነበረበት።

ከቤቴ ጀርባ የቡና መፈልፈያው አለ አይደል? ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ፈልፍሎ ፍሬውን ወደ መጋዘን፣ ገለባውን ወደ እኛ ነው። እንደ ኮረብታ ተከምሮ፣ ሲያቃጥሉት ጭሱ ልብሳችን ላይ፣ ሲተዉት ሽታው አፍንጫችን ላይ። ዘበኛው አባ ዲጋ ሁልጊዜ "ማሎ፣ ውሰዱልኝ ይሄን ነገር፣ ማሎ" እያለ ነው የሚለምነን። ታዲያ እኔ አንድ ማዳበሪያ ወሰድኩና ገለባውን ጠቅ ጠቅ አድርጌ ሞልቼ፣ አፉን ሰፍቼ፣ ሴቶቹ ፊት አቆምኩት። ጥብድል ያለ! ቆንጆ!

"ይኸው" አልኳቸው።

"አሸዋ ነው እኮ የተባለው" አለች አስካለ።

"ማዳበሪያ ማዳበሪያ ነው። ጎርፉ ስፌቱን ፈቶ ሊያይ ነው?"

ትንሽ አሰበችና "እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። ሁሉም "ኡፍ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ወገባችንን አዳንሽው" አሉኝ። ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ሠርግ በይው። በዚያው ውሎ ክምሩ አለቀ፣ አባ ዲጋ መረቀን፣ ቅያሱ በሙሉ ግራና ቀኝ ተደረደረ። ተማም መጥቶ ሲያየው ዓይኑ በራ፣ "እማማ፣ ይህ እኮ ለሌሎች መንደሮች ተሞክሮ ነው! በዚያ ላይ የቆሻሻውን ክምር አነሳችሁ፣ ለአካባቢ ጥበቃም ትልቅ ሥራ ነው" አለ። ፎቶ አነሳኝ፣ እኔም እግሬን ማዳበሪያው ላይ ጣል አድርጌ፣ አንበሳ እንደገደለ ሰው ቆምኩለት። አንዱንም በእጁ አንስቶ አልሞከረውም፣ ከማዳበሪያው ይልቅ እኔን ነበር የሚያየው።

አሁን መሪማን ታውቂያታለሽ? ልብስ ሰፊዋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ድልድዩ አፍንጫ ላይ ያለችው ቤት፣ አዎ። ጭምት ናት፣ ከእሷ ወሬ ለማግኘት ስንት ዓመት ደክሜያለሁ። ታዲያ ነሐሴ መጨረሻ ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም በሙሉ እሷ ቤት ነው፣ ወለሉ ላይ ጣውላ አንጥፋ እስከ መስኮቱ ከምራዋለች። ጨርቁን እናቶች ገዝተው የሰጧት ነው፣ ከተበላሸባት የምትተካበት የላትም፣ ዳግመኛም ጨርቅ አምኖ የሚሰጣት የለም። እንጀራዋ ማለት ያ ክምር ነው። እና ደጃፏ ላይ ማዳበሪያ ስንደረድር መጣችና፣

"አዴ ዘይነባ፣ እኔ ልብሱን ላይ ሰፈር እህቴ ቤት ላሸሸው ነው" አለችኝ።

"ምን ታሸሺዋለሽ? እኔ እያለሁ?"

በእግሯ ጣት አንዱን ማዳበሪያ ነካ አደረገችውና "ይሄ ሲነኩት ይሄዳል እኮ" አለች፣ በቀስታ፣ እንዳይከፋኝ።

እኔ ደግሞ ሰደርያዬን ሳብ ሳብ አድርጌ "አንቺ ወገብ ለኪ መሪማ፣ ጎርፉን ለእኛ ተዪው። በይ ለአንቺ ሌላ እጨምርልሻለሁ" አልኳት። ጨመርኩላት። አመነችኝ፣ ልብሱን ተወችው። ምስኪን።

ዝናቡ የመጣው ከዐሱር ሶላት በኋላ ነው። ወንዶቹ ሥራ ላይ ናቸው፣ እኔ በረንዳዬ ላይ ሻይ ይዤ የማን ቆርቆሮ እንደሚነሳ እያየሁ ነው፤ ማየቱን ምን አደርገዋለሁ፣ አብሮኝ ያደገ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ የሰው ልብስ ከሽቦ ላይ አንስቶ ወሰደ፣ ቀጥሎ ሰማዩ ተቀደደ፣ ከላይ አንድ ሰው "ቢሻን ዱፌ! ቢሻን ዱፌ!" እያለ ጮኸ፣ ውሃው መጣ ማለቱ ነው። እኔ እቴ፣ አልደነገጥኩም። "ይምጣ፣ ተዘጋጅተናል" አልኩ።

ውሃው መጣና የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ነካው። ማዳበሪያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ተገላበጠ፣ ብድግ አለ፣ ሄደ። ሁለተኛውም ተከተለው። ከዚያማ ሁሉም፣ ሀያትዬ፣ ሁሉም! ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው ተሰልፈው ቁልቁል እየተወዛወዙ ሲወርዱ። እኔ ደግሞ በዚያ ዝናብ ጫማዬን ጥዬ ከኋላቸው "ቁሙ! ኧረ ተመለሱ!" እያልኩ እሮጣለሁ። ማዳበሪያ ስጠራ የነበርኩት እኔ ነኝ። አስካለ ከበሯ ላይ "በስማቸው ጥሪያቸው!" ትለኛለች፣ እንዲያም ሆኖ እሷም ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተከተለችኝ።

ወርደው ወርደው የት ሄዱ መሰለሽ? ድልድዩ ሥር ያለው ቱቦ አፍ ውስጥ ተሸጎጡ። አየሽ፣ ገለባው ውሃ ጠጥቶ የከበደው እዚያ ከገባ በኋላ ነው! ደጃፍ ላይ እያለ ቢከብድ ምናለ? ቱቦው ተዘጋ፣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ተመለሰ፣ የተመለሰው ደግሞ ወደ መሪማ ነው።

ደረስኩ። መሪማ በሩ ላይ ቆማለች፣ ክንዷ ሙሉ ዩኒፎርም ነው፣ ከኋላዋ ያ ሁሉ ክምር። ውሃው ከደፉ ሥር ደርሷል። አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "አዴ ዘይነባ፣ የሰው ልጆች ልብስ ነው" ብቻ ነው ያለችኝ።

እኔ ምን ልያዝ? እጄ ላይ ምንም የለም። ዞርኩና ደጃፏ ላይ ዘፍ አልኩ። አላህ የሰጠኝን ታውቂዋለሽ፣ በየሠርጉ ሁለት ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ነው የምይዘው። ጀርባዬን ለጎርፉ፣ ፊቴን ለቤቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ውሃው ጀርባዬ ላይ ቆመ። ወላሂ ቆመ! ግን በጎኔ በኩል ማፍሰስ ጀመረ።

"አስካለ፣ ኮቱ! ነይ ተቀመጪ!"

"የት?"

"እዚህ ጎኔ!"

"እንዲህ ያለ መቀመጫ አይቼም አላውቅ" እያለች ተቀመጠች። አላህ ይስጣት እሷም ቀላል አይደለችም። ሌሎቹም ወረዱ፣ የቻለ ከጎናችን ተቀመጠ፣ ያልቻለ ልብስ አቀበለ። መሪማ ክምሩን አልጋ ላይ፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ እየሰቀለች ነው።

አስካለ በብርድ ጥርሷ እየተንገጫገጨ "ጠጋ በይ እንጂ፣ በመሃላችን እያለፈ ነው" ትለኛለች።

"የት ልጠጋ? ሌላ የለኝም፣ ያለኝን ሁሉ ዘርግቼዋለሁ!"

በዚህ መሃል የመሪማን ቤት አየሁት። ለካ ዳንቴሉን ራሷ ነው የምትሠራው፣ ለካ ግድግዳው ላይ የባሏ ፎቶ አለ። ጎርፍ ውስጥ ተቀምጬ እንኳ ዓይኔ አያርፍም!

ታዲያ ተማም ሰዎች ይዞ ሮጦ ደረሰ፣ ቱቦው አፍ ገብተው ይጎትቱ ጀመር። አንዱ ማዳበሪያ ተማም እጅ ላይ ተቀደደና ገለባው ፊቱ ላይ ተበተነ። ጠረገና አየው፣ እኔንም አየኝ።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ገለባ ነው ልጄ" አልኩት ከተቀመጥኩበት። "አሸዋው እኛ ነን።"

መቆጣት ፈልጎ ነበር፣ ተረድቼዋለሁ፣ ግን ያን ሁሉ ሴት ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ ሲያይ አልቻለም፣ ፊቱን ወደ ድልድዩ አዙሮ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቱቦው ተከፈተ፣ ውሃው ጎደለ፣ እኛን ለማንሳት ግን ከቱቦው የበለጠ ጉልበት ፈጀ።

ልብሱ ተረፈ፣ አልሃምዱሊላህ። ከሥር የነበረው ብቻ ጫፍ ጫፉን ቡናማ ሆኖ ቀረ፣ መሪማ ብታጥበው ብታጥበው አልለቅም አለ። እኔ በየቤቱ ሄጄ፣ ያለ ሰደርያዬ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሪማን አንድ ቃል እንዳትሏት" ብዬ ተናገርኩ። ወሬ ማዳረስ እንደሆነ እችልበታለሁ፣ የራሴን ግን ሳዳርስ የመጀመሪያዬ ነበር። አንዲትም እናት ጨርቋን አልነሳቻትም።

ዘንድሮ ደግሞ ያው ስብሰባ ተጠራ። እኔ ከኋላ፣ ምሰሶው ሥር ተሸሸግሁ፣ ምሰሶው ቢሸፍነኝ ነው እንግዲህ። ተማም "አስተባባሪ ምረጡ" አለ። ታዲያ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? መሪማ! ስብሰባ ላይ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው።

"አዴ ዘይነባ ይሁኑ" አለች።

እኔ ከምሰሶው ብቅ ብዬ "ኧረ መሪማ፣ በአላህ! ያደረስኩብሽ አይበቃም?" አልኳት።

እሷ ግን ወደ ተማም እንደዞረች፣ በዚያው በቀስታ ድምፅዋ፣ "ሌላ ሰው ብንመርጥ ጎርፍ ሲመጣ ይምጣ አይምጣ አናውቅም። እሳቸው ግን ቢሳሳቱም ከነመቀመጫቸው ይመጣሉ" አለች። አዳራሹ ፈረሰልሽ በሳቅ። እኔ ሳቅኩ ወይስ አለቀስኩ፣ አስካለ ናት የምታውቀው፣ መሐረብ የሰጠችኝ እሷ ናት።

"ታዲያ እርስዎ እሺ አሉ?" አለች ሀያት።

እሺ እንጂ! አሸዋው ትናንት መጥቷል፣ ያው እንደ አምናው አስፋልቱ ዳር ነው። ነገ ጠዋት እንሸከማለን። አንቺም ነይ፣ ወጣት ነሽ።

"እኔ ምን አደርጋለሁ አዴ? ቀጭን ነኝ፣ ውሃ አላግድም!"

ለዚህ እኮ ነው አሸዋ የምትሸከሚው!