የጋሽ ጉልላት ይሉኝታና የሰብለ ብስክሌት

እሑድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊው ተክሌ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ በአዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ ጎረቤቱን ጋሽ ጉልላትን ከሩቅ አያቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ለአንድ አፍታ ጥግ ይዞ ሊያልፍ አስቦ ነበር። ጋሽ ጉልላት ብስክሌት እየገፉ ነበርና። እሳቸው ብስክሌት ሲገፉ ያገኛቸው ሰው ምሳው እንደሚቀዘቅዝበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ተክሌ፣ አንተን እግዜር ነው ያመጣህ» አሉ ሽማግሌው። «ና እስቲ በእኔና በዚች ልጅ መካከል ፍረድ።»

ከኋላቸው ልጃቸው ሰብለ ቀኝ እጇን በፋሻ አንጠልጥላ ትከተላለች።

«እጅሽን ምን ሆነሽ ነው ሰብለ?»

«ወደቅሁ ጋሽ ተክሌ። ፔዳሉ ከዳኝ።»

ሰብለ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቡሹሎ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ተራዋ ሲደርስ ባጃጆች ገና ሳይወጡ ከቤት ትነሣለች፤ ብስክሌቷ እግሯ ነው። ከጊዜ ወዲህ ግን የኋላ ጎማው ሞዞ፣ ያ ራጂ የሚሉት ቀጫጭን ሽቦ ሁሉ የሚታሰርበት የጎማው እምብርት፣ ጥርሱ አልቋል። ሲረግጡት ይይዛል፤ ይይዛል፤ ድንገት ይለቅና እግር ባዶ አየር ይረግጣል። ዓርብ ጠዋት የለቀቀው ሰብለ ከአይሱዙ መኪና ፊት ልታልፍ ስትል ነው። ሹፌሩ ባይነቃ ኖሮ እጅ በፋሻ ማሰር ብቻ ባልሆነ ነበር።

«ነገውኑ መልቀቂያዋን ታስገባለች» አሉ ጋሽ ጉልላት። «መሃል ከተማ የግል ክሊኒክ ሞልቷል፤ በእግሯ ትሄዳለች። ተቆረጠ።»

«አላስገባም አባባ» አለች ሰብለ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እዚያ የመውለጃ ቀናቸው ደርሶ የሚጠብቁኝ እናቶች አሉ። የጎደለው አንድ ሞዞ ነው፤ ካለበት እናዝዘው።»

«ካለበት ማለት?»

«ውጭ አገር። ኢንተርኔት ላይ ከሚሸጥ ሱቅ።»

«ይኸውልህ» አሉ ወደ ተክሌ ዞረው። «አስተምረህ የምታተርፈው ይህን ነው። ያላየችው ሰው፣ በማታውቀው አገር፣ ያልጨበጠችውን ዕቃ ይላክልኝ ትላለች። ገንዘቡን ደግሞ አስቀድማ።»

ተክሌ ምሳውን በልቡ ተሰናበተ። ሰው ሲናገር ማቋረጥ አይሆንለትም፤ በዚህ ጠባዩ የተነሣ የሰፈሩ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ጆሮ ላይ ነው የሚያርፈው። ሦስቱም ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ወደ አብዲ አመሩ። አብዲ እሑድም ይሠራል፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጎማ እየነፋ ነበር። ብስክሌቱን ሲያይ ፊቱን ዞር አደረገ።

«ጋሼ፣ ይህን ነገር አታምጡብኝ ብዬ አልነበረም? በየድኩት። በቆርቆሮ ደገፍኩት። ከእንግዲህ ብነካው ነፍስ ማጥፋት ነው።»

«እቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሁሉ ሞዞ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው?»

«ለጌጥ» አለ አብዲ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ጉልላት የወንድም ልጅ ኤልናታን ዱባይ ይሠራል፤ ለበዓል በመጣ ቁጥር «ለሰብለ ብስክሌት» እያለ ሞዞ ይዞ ይመጣል። አንዱም ገጥሞ አያውቅም።

«ለምንድን ነው የማይገጥመው?» አለ ተክሌ።

«የዚህኛው የራጂ ቀዳዳ ሠላሳ ሁለት ነው» አለ አብዲ። «ያ የሚመጣው ሠላሳ ስድስት። ትርፉን አራት ራጂ የጎማው ክብ ብረት ላይ የት ልሰካው? ወርዱም አንድ አይደለም።»

«ይህን ለኤልናታን ነግረውታል ጋሼ?»

ጋሽ ጉልላት የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «ምን ብዬ? ስጦታ እኮ ነው ተክሌ። ልጁ በሰው አገር ለፍቶ፣ ሻንጣው ውስጥ ከልጆቹ ልብስ ጋር ጠቅልሎ አምጥቶ፣ በሁለት እጁ ሲሰጠኝ ቀዳዳው ስንት ነው ልበለው? ለስጦታ መጠን አይጠየቅም።»

«ታዲያ ምን አሉት?»

«መረቅሁት።»

«በየዓመቱ?»

«በየዓመቱ። ምን አጠፋሁ?»

ተክሌ ቃል ከመመለሱ በፊት የነጠላውን ጥለት በጣቱ ሁለት ጊዜ ዳሰሰው፤ ሊቆጣ ሲል የሚያደርጋት ነገር ናት። ይሉኝታ በራሱ ክፉ አይደለም። የሰውን ልብ አለመስበር ነው፤ ጉርብትናን ከነማዕረጉ ያቆየ እሱ ነው። ብረት ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ወይ ይገጥማል ወይ አይገጥምም።

«እሷስ ብትሆን» አሉ ጋሽ ጉልላት፣ ጣታቸውን ወደ ልጃቸው እየቀሰሩ። «ባለፈው ዓመት ከዚያው ከኢንተርኔቷ ያስመጣችው የት ገባ? ንገሪው። አትደብቂ።»

ሰብለ መሬት መሬት አየች። «አልገጠመም።»

«ጮክ በይ።»

«አልገጠመም አልኩ። ፎቶውን አይቼ ነበር ያዘዝኩት። መልኩ ቁርጥ የእኔን ይመስል ነበር።»

«አየህ ተክሌ? አበቃ። ፍርዱ ይህ ነው።»

ተክሌ በረጅሙ ተነፈሰ። አባት በምርቃት፣ ልጅ በመልክ ብረት ለማጋጠም ሲታገሉ ዓመት አለፈ፤ ከሁለቱ ማን የባሰ እንደሆነ እሱም መለየት አቃተው።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ያን ግራጫ ኮትዎን ያስታውሱታል? እኔ የሰፋሁትን።»

«አሁንም እለብሰዋለሁ። ምን ይወጣለታል።»

«ያኔ ሱቄ ሲመጡ መጀመሪያ ምን አደረግሁ?»

«በዚያ ሜትርህ ስታሽከረክረኝ ዋልክ።»

«ተቀየሙኝ?»

«ሙያህ አይደል እንዴ?»

«የዚያም ሱቅ ሙያው ነው። ባዕድ ነጋዴ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ጋሼ፤ አይቀየምም። ቀዳዳው ስንት ነው፣ ወርዱ ስንት ነው፣ ባይገጥም ትመልስልኛለህ ወይ ብለን ብንጨቀጭቀው ሥራው ነው፤ ይመልሳል። አንቺም ሰብለ ያጠፋሽው ውጭ አገር ማዘዝሽ አይደለም። ሳትለኪ ማዘዝሽ ነው። እኔ ፎቶ አይቼ ሱሪ ብሰፋ ማን ይለብስልኛል?»

«ልክ ነዎት ጋሽ ተክሌ።»

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው። «ሻጩ ሌባ ቢሆንስ?»

«ሌባ እዚህም አለ አባባ» አለች ሰብለ። «እዚያ ግን ከሻጩ የገዛ ሰው ሁሉ ከዕቃው ሥር አስተያየቱን ይጽፋል። ያታለለ እንደሆነ ይጋለጣል። መጀመሪያ እሱን ነው የማነበው።»

«የሚጽፉት የገዛ ዘመዶቹ ቢሆኑስ?»

«ዘመድማ ቢሆን መች ይጽፋል? መርቆ ይሄዳል እንጂ።»

አብዲ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ጎማው ውስጥ ቀበረ። ጋሽ ጉልላት ግን በዋዛ የሚሸነፉ አልነበሩም።

«ጉምሩኩስ? መንገድ ላይ ቢቀርስ?»

«ቀረጥ ካለበት ይከፈላል፤ እሱንም አስቀድሞ ማሰብ ነው» አለ ተክሌ። «እኔ ለጥልፍ ማሽኔ ዕቃ ሳስመጣ ፖስታ ቤት ደርሷል የሚል መልእክት በስልኬ መጣ፤ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ ወሰድሁ። አልዋሽዎትም፣ ይቆያል። ሰውን ያሰለቻል። ግን የት እንደደረሰ እያዩ ነው የሚጠብቁት።»

«እኔ በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም።»

«ጋሼ፣ አሁን ከቅዳሴ መምጣቴ ነው» አለ ተክሌ ቀስ ብሎ።

«እሱን ከዚህ ጋር አታገናኘው» አሉ ሽማግሌው፤ ፈገግታ ግን አምልጧቸው ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ የለዘበ መስሎ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት፤ የዱባዩ ኤልናታን ድምፅ ዛፉን ሞላው።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት? ለበዓል ልመጣ ነው። ያቺ ባለፈው ያመጣኋት ሞዞ እንዴት ሆነችልዎ?»

አብዲ መንፋቱን አቆመ። ሰብለ አባቷን ትኩር ብላ አየች፤ በፋሻ የታሰረ እጇንም ትንሽ ከፍ አደረገች። ጋሽ ጉልላት አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አሉ። «እንደሷ ያለ የት ይገኛል።»

«ደስ አለኝ። እንግዲያው ትርፍ አንድ ልያዝልዎ?»

«አይ… ባትቸገር… እሺ፣ ያዝልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«አባባ» አለች ሰብለ፣ «አሁን ምንድን ነው ያዘዙት?»

«ያችኑ» አሉ ጋሽ ጉልላት።

«ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ» አለ አብዲ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው።

ተክሌ ዓይኑን ጨፍኖ በልቡ «አቤቱ ትዕግሥት ስጠኝ» አለ። ትዕግሥቱ ሳይሰጠው ቀርቶ ይሁን፣ ወይም የተሰጠው ሌላ ነገር ሆኖ ይሁን፣ አፉን ሲከፍት ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

«ጋሼ፣ በዕድሜ ታላቄ ነዎት፤ ዛሬ ግን ልቆጣዎት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ዓርብ ዕለት ሰብለን አይሱዙ ፊት የጣላት የውጭ ነጋዴ አይደለም። አብዲም አይደለም። አይገጥምም ለማለት ያፈረ አፍ ነው። የማናውቀውን ሰው ሌባ ይሆናል ብለን ፈራነው። የምናውቀውን ዘመድ ቅር ይለዋል ብለን ፈራነው። በሁለቱ ፍርሃት መሃል መንገድ ላይ የምትወጣው ግን እኛ አይደለንም፤ እሷ ናት። አሁን ደግሞ ፍርሃታችንን ላለማየት ሥራሽን ልቀቂ እንላታለን። ይህ ክብር ነው? ለማን ነው ክብሩ?»

ጋሽ ጉልላት የልጃቸውን እጅ አዩ። ፋሻው ላይ የመንገዱ አቧራ ገና አለ። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ አብዲ ዞሩ።

«መለኪያህን አምጣ» አሉ።

አብዲ ካሊበሩን ከሣጥኑ አወጣ። ወርዱን እሱ ለካ፤ ቀዳዳዎቹን ጋሽ ጉልላት ራሳቸው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ ተጠራጥረው ከመጀመሪያው እንደገና ጀመሩ። ሰብለ በደኅናው እጇ ሁሉንም በስልኳ አነሣች። ሲጨርሱ ሽማግሌው እንደ ቆረጠ ሰው ስልካቸውን አወጡና መልሰው ለኤልናታን ደወሉ።

«ልጄ፣ ቅድም ዋሸሁህ» አሉ። «አልገጠመችም። ከሷ በፊት ያሉትም አልገጠሙም። እንዳይከፋህ ብዬ ነው። ተወው፣ አታምጣ።»

ከወዲያ በኩል ትልቅ ሳቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ? እኔ ደግሞ ባልይዝላቸው ይከፋቸዋል እያልኩ፣ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሜ ከተፈቀደው ኪሎ በላይ እየሆነብኝ ከአየር መንገድ ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ነው የኖርኩት።»

ጋሽ ጉልላት ስልኩን ዘግተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «እሱም እንደኔው ነው ለካ» አሉ ለማንም ሳይሆን።

ትዕዛዙ በዚያው ሳምንት ሄደ። ሰብለ ልኩን ለሻጩ ጽፋ ጠየቀች፤ «ይገጥማል፤ ካልገጠመ እንመልሳለን» የሚል መልስ እስክታገኝ አልከፈለችም። ክፍያውም ባንክ ለውጭ ግዢ በሚሰጠው ካርድ ሆነ። መልቀቂያው እስከዚያ እንዲቆይ አባትና ልጅ ተስማሙ፤ ሰብለም እጇ እስኪድን ዕረፍት ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር ተራ ተቀያይራ በቀን፣ በባጃጅ ሠራች።

ጥበቃው ከአንድ ወር በላይ ወሰደ፤ የተክሌም መከራ ይህ ነበር። ጋሽ ጉልላት የዕቃውን ጉዞ በልጃቸው ስልክ ማየት ተምረው፣ የማያውቁትን የአየር ማረፊያ ስም ሁሉ እየያዙ ወደ ልብስ ስፌቱ ይመጣሉ። «አልተንቀሳቀሰችም። ለምን ይመስልሃል?» ይሉታል፣ መርፌው ጣቱ ሥር እያለ። ተክሌ ምንም እንደማያውቅ ቢነግራቸውም ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ደረሰ። ቀረጡ ተከፈለ፤ ጋሽ ጉልላት ጥቂት አጉረመረሙ። አብዲ ራጂዎቹን አንድ በአንድ ሰክቶ ሲያጠብቅ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ነበር።

«መዶሻው የታለ?» አሉት።

«ለምን ጋሼ?»

«መምታቱ አይቀርም ብዬ።»

«በልኩ የመጣ አይመታም» አለ አብዲ፤ ጎማውንም አሽከረከረው። ሳይንገጫገጭ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ ከተማ ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው ከጋሽ ጉልላት ምክር አያመልጥም። «መጀመሪያ ለካ» ይሉታል፣ መንገድ ላይ አስቁመው። «እዚሁ ከተማ በልክህ ካገኘህ ከዚሁ ግዛ፤ ጎረቤትህም ይብላ። ከሌለ ግን ከባሕር ማዶ ለማዘዝ አትፍራ። ፎቶ አትመን፤ የገዙ ሰዎች የጻፉትን አንብብ፤ የሚመልስ ሻጭ ምረጥ፤ ቀረጡን አስብ፤ ከዚያ ታገሥ። ዘመድህን ደግሞ ብረት አታሸክመው፤ ባዶ እጁን ይምጣና ደስ ብሎት ይብላ። አንድ ልከኛ ዕቃ ከብዙ ምርቃት ይሻላል። ምርቃቱን ተው ማለቴ አይደለም፤ እሱ ለሰው ነው እንጂ ለብረት አይሆንም።» ከዚህ በኋላም ገና ብዙ አለ።

አንድ ማለዳ ተክሌ ለኪዳን ጸሎት ሲወጣ በራቸው ላይ አገኛቸው። ሰብለ ወደ ቡሹሎ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ከሩቅ ትታያለች፤ በመታጠፊያው ላይ አንድ መኪና አሳለፈችና ረግጣ ተሻገረች።

«ለመሆኑ» ብለው ጀመሩ ጋሽ ጉልላት፣ «ስለ አስተያየት አነባበብ አንድ ያልነገርሁህ ነገር…»

ተክሌ ጸሎቱ እንደሚያመልጠው አወቀ። ሰላምታውን ሰጥቶ ቆመ፤ ሽማግሌው ግን ያሰቡትን አልጨረሱም። ልጃቸው የታጠፈችበትን ቦታ ትንሽ አዩ።

«ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ» አሉ። «ከዚህ በፊት ደርሻለሁ ብላ እስክትደውል ቁርስ አይወርድልኝም ነበር። ዛሬ ራበኝ።»

በሩን ዘግተው ገቡ።