እትዬ ይተንፍስ እና ሰማያዊው ጋን

ወገኖቼ፣ እስኪ ለአንድ አፍታ መብላቱን ተዉት፤ ኬኩ የትም አይሄድም። እኔ ሐር አጣቢ ነኝ፣ ወሬ የለመድኩት ከውሃ ጋር ነው፤ ካንዛዛሁ በቃሽ በሉኝ። አለቃችን "እሷ ጡረታ ስትወጣ ሰማያዊው ጋንም ይደፋል" ማለታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እመጣበታለሁ።

እትዬ እዚህ ማቅለሚያ ቤት ሥራ የጀመረች ቀን ምን ለብሳ እንደመጣች ታውቃላችሁ? ነጭ። ጫማዋ ሳይቀር ነጭ። እኔማ ሙሽራ መስላኝ "ሐርሽ ገና አልደረሰም" ብዬ ልመልሳት ነበር። አለቃችን ጋኑ አጠገብ አቁመዋት ወጡ። መቼም ሐር የሰማያዊ ቀለሙ ቅጠል ከተብላላበት ጋን ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው ነፋስ ሲያገኘው ነው። ይህን ለእሷ የነገራት የለም። አወጣችው፣ አረንጓዴ። "ጉዴ ፈላ" ብላ መልሳ ነከረችው። አሁንም አረንጓዴ። ደገመችው። እኔ ከገንዳዬ ቀና ስል ሐሩ ከሰል መስሏል፣ ቀሚሷም እስከ ወገቧ ሰማያዊ ሆኗል። "አንቺ ሴትዮ፣ ትንሽ ይተንፍስ እንጂ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የሁሉ ነገር መድኃኒቷ ይኸው ሆነ። ሒሳብ ሠራተኛው ሲቆጣ፣ "ተዉት፣ ይተንፍስ።" ባሌ አኩርፎ እህቱ ቤት የገባ ጊዜ፣ "ይተንፍስ፣ ይመለሳል።" ተመለሰ። ይኸው እዚያ ጥግ ኬክ ይበላል። ስሙንም በዚሁ አወጣንላት።

ልጇን የዳረች ዕለትስ? እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ስለነበር ረጅም ጓንት አጥልቃ ገባች። ሰው ሁሉ ትልቅ እመቤት መጣች ብሎ ብድግ አለላት። እሷም አላፈረችም፣ በጓንቷ እየጨበጠች አለፈች። ጋኑንማ ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ" ትለዋለች፤ ክዳኑን ከፍታ አሽትታ "ዛሬ አኩርፏል" ካለች ፉርሽካ ታበላዋለች፣ ሹራቧን ታለብሰዋለች። ባሏ ይህን አይቶ እንደሆነ አላውቅም።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ያ ጋን አንድ ሳምንት ያልያዙት እንደሆነ ይሞታል፤ አያያዙን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች። ባለፈው ወር አመመኝ ብላ ቀረች። ደወልኩ። "እትዬ፣ ጋኑ ሽታው ተለወጠብኝ፣ ምን ላድርግ?"

"አፍንጫ የለሽም?" ብላ ዘጋችብኝ።

ተናድጄ አለቀስኩ። ከዚያ ሳሸት፣ ሳበላ፣ ሳሞቅ ሰነበትኩ። ለካ አንዳች አላመማትም ነበር፤ ብቻዬን እንድለምደው ብላ ነው የቀረችው፤ ምስጢሯን ልጇ ናት ያወጣችባት። እትዬ፣ የሌላ ሰው ቀለም ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይህ ሥራ ይሆንልሻል ብሎ ያመነብኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። አመሰግንሻለሁ። እወድሻለሁም፤ ይኸው በሰው ፊት አልኩት።

ጠዋት አለቃችን ያንን የሐር ሻርፕ አንገትሽ ላይ ሲያደርጉልሽ "ይሄማ የኔ ሥራ ነው፣ እጄን መች አጣዋለሁ" ብለሽ ተኩራርተሻል። እኔ ነኝ የነከርኩት፣ አንቺ በሌለሽበት ሳምንት። አለቃችንም ማን እንደነከረው ያውቁ ነበርና፣ ስትሳሳቺ ሰምተው ስቀው ሲያበቁ ለእኔ "እንግዲያው ጋኑ አይደፋም" ብለውኛል።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። እትዬ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጥፋበት። ሰኞ ጋኑን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ አንቺ ተኚ። ለጤናሽ።