የሚካኤል ዕለት የተሰፉ ሙዳዮች

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ አንስቼ ሰው ማጣደፍ ያስጠላኛል። እትዬ የሺ የሚባሉ የገጠር ሴት ናቸው፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ላለችው ሱቄ ሙዳይ እየሰፉ ያመጡልኛል። ባለፈው ባዶ እጃቸውን ከች አሉ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ፣ «እትዬ፣ አሁን ደንበኞቼን ምን ልበላቸው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰፍቼ ጨርሼ ነበር» አሉ፣ በድካም በርጩማው ላይ ቁጭ እያሉ። «ለቅዳሜ ካልደረሰ ብለሽ ስትደውዪ ጊዜ፣ የሚካኤል ዕለት በሬን ዘግቼ ስሰፋ ዋልኩ። ጎረቤቴ አየችኝ። በማግስቱ በረዶ ወርዶ የአገሩን ገብስ ድምጥማጡን አጠፋው። በዓል ሽራ ያመጣችብን እሷ ናት ብለው ሙዳዮቹን እሳት ውስጥ ጨመሩብኝ። አሁን የምሰፋበትን አክርማ እንኳ የሚሸጥልኝ ጠፋ።»

«የእርስዎስ ገብስ?»

«የኔማ ከሁሉም በፊት ነው የተመታው።»

የዚያን ዕለት እኮ እኔም ሱቄን ከፍቼ ስሸጥ ነው የዋልኩት። ሚካኤልን ተሳልመው የሚመለሱት ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ጎራ እያሉ ገዙ፣ መረቁኝም። በዓል ሻረች ያለኝ አንድ ሰው የለም።